ስሌቱ፣ ጥላውና ጨረቃዋ

በየዓመቱ ሚያዝያ 14 ወይም 15 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ፣ ጣራ ገዳም ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ ያጣል። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከተራራው ደን ሥር በአዲስ ዘመን ገበያ የቆመ ነጋዴም ሆነ ከወረታ ወዲያ በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳውን የሚያርስ ገበሬ በዚያች ቅጽበት ጥላውን የሚያገኘው ውስጥ እግሩ ሥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ 14 ወይም 15 ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሪዎቹ ስምንት ወራት ወደ ሰሜን።

6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ መባሉ በራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ለምን ልክ 6 ሰዓት አልሆነም? የእጅ ሰዓት የሚቆጥረው ለመላ አገሪቱ የተወሰነውን ሰዓት ነው፤ የዚህ መለኪያ መስመር ደግሞ በምሥራቅ ዋርዴር አጠገብ የሚያልፈው 45ኛው ኬንትሮስ ነው። ፀሐይ ከዚያ መስመር ተነሥታ ጣራ ገዳም አናት ላይ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ቀትርን የሚፈልግ ተማሪ ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ ጥላውን መከተል አለበት፤ ጥላው እያጠረ ሄዶ እንደገና ማደግ ሲጀምር ቀትር አልፏል ማለት ነው።

የሥነ ፈለክ ታሪክ በትምህርት ቤት ሲተረክ ግን ከዘንግና ከጥላ አይጀምርም። በጥሊሞስ ተሳሳተ፣ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 አረመው፣ ጋሊሊዮ በ1610 በመነጽር አይቶ አረጋገጠው፤ ተማሪው ስሞቹንና ዓመታቱን ሸምድዶ ለፈተና ይቀመጣል። አስተዋይ ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ምድር አትንቀሳቀስም ብለው ያመኑት በምን ማስረጃ እንደነበር አይነገረውም። እንዲህ የተማረ ልጅ የድሮውን እምነት በአዲስ እምነት ቀየረ እንጂ ሳይንስን አላየም። ሳይንስን ለማየት አንድ ስሌት ወይም አንድ መጽሐፍ ወደፊት ስለሚሆነው ነገር የተናገረውን ይዞ፣ ከሰማዩ ጋር አስተያይቶ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን እንደሚል መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ የደቡብ ጎንደር ተማሪ ከብዙ አገር ተማሪ የተሻለ ዕድል አለው፤ ጥላው በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠፋል፣ በአካባቢው ያሉ ገዳማትና አድባራትም የ1,700 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሰማይ ስሌት ዛሬም በሥራ ላይ ያውሉታል።

ከጥላው እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ በዓመቱ ረጅሙ ቀን አስዋን ላይ የቀትር ጥላ እንደማይኖር ሰምቶ ነበር። በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ የተለካው ጥላ የክብ 50ኛ እጅ የሚያህል ማዕዘን ሰጠው። የሁለቱ ከተሞች ርቀት 5,000 ስታዲዮን ከሆነ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን ይሆናል ማለት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ከአስዋን በስተደቡብ፣ በሱዳን ምድር በሜሮዌ፣ ጥላ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚጠፋ መዝግቧል። ጣራ ገዳም ከሜሮዌም በስተደቡብ ነው።

ይህንኑ ሙከራ ሁለት ተማሪዎች በስልክ እየተነጋገሩ መድገም ይችላሉ። በሚያዝያው ቀን ጣራ ገዳም ላይ ጥላ ሲጠፋ አዲስ አበባ ላይ የተተከለ የ1 ሜትር ዘንግ ወደ ደቡብ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ማዕዘኑ 3 ዲግሪ ከጥቂት ነው። በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ብቻ የሚለካው ርቀት 345 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ውጤቱ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ሴንቲሜትር የተሳሳተ ልጅ በምድር ዙሪያ ላይ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

አስተማሪው እዚህ ላይ ካቆመ ግን ዋናውን ነገር አመለጠው። ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «የኔታ፣ ምድር ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንስ?» ቢል መልሱ «አይደለችም» መሆን የለበትም። ልጁ ልክ ነው፤ ሁለት ዘንጎች ብቻ ይህን አይለዩም። ጥንታውያን ቻይናውያን ምድርን ዝርግ አድርገው ወስደው ተመሳሳይ የጥላ ልዩነት በመጠቀም የፀሐይን ከፍታ አስልተዋል። በጣራ ገዳምና በአዲስ አበባ ጥላዎች ያንኑ ቢያደርጉ ፀሐይ ከምድር 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች የሚል ከራሱ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚስማማ መልስ ይወጣል። ሦስተኛ ዘንግ ያስፈልጋል። ሞያሌ ላይ ቢተከልም አይጠቅምም፤ ሁለቱ ሐሳቦች ለሞያሌ የሚተነብዩት ማዕዘን ልዩነቱ በዘንግ ሊለካ የማይችል ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ይለያያሉ። በዚያው ቀን፣ በስቶክሆልም ቀትር፣ ምድር ዝርግ ከሆነች የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 82 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ድቡልቡል ከሆነች 108 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ከፎገራ ወጥቶ ስዊድን የገባ የአጎት ልጅ ያለው ተማሪ ይህን ክርክር በአንድ የምሳ ሰዓት ይፈታዋል። የዚህ ምዕራፍ ጸሐፊ ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የሕዋ ፎቶግራፍ ይልቅ ያቺን የ26 ሴንቲሜትር ልዩነት ይመርጣል።

በግእዝ የስሌት መጻሕፍት ውስጥ የቀኑን ሰዓት ሰው በራሱ ጥላ፣ በራሱ ጫማ እየለካ እንዲያውቅ የሚያደርጉ ሠንጠረዦች አሉ። እነዚህንም በሜዳ ላይ መፈተን ይቻላል። በጣራ ገዳም የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን 5 ጫማ ይጠጋል፤ በሚያዝያ ይጠፋል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ ከ1 ጫማ ጥቂት አልፎ ይሄዳል፤ በነሐሴ እንደገና ይጠፋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጥር የቀትር ጥላ የተጻፈበት ሠንጠረዥ እጁ የገባ ተማሪ፣ መጽሐፉ የትም ይገኝ የት፣ ቁጥሮቹ የተለኩት ከአስዋን በስተሰሜን መሆኑን ከወንበሩ ሳይነሣ መናገር ይችላል።

ስለ መጻሕፍት ከተነሣ መጽሐፈ ሄኖክ አይታለፍም። ሙሉ ጽሑፉ በዓለም ላይ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይክ ቁርጥራጮች ናቸው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ሥርዓት ይናገራል። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ስድስት በሮች ትገባለች፤ ዓመቱ 364 ቀን ነው፤ ቀንና ሌሊት ባንድነት 18 ክፍል ናቸው፤ በረጅሙ ቀን 12ቱ ክፍል የቀን፣ 6ቱ የሌሊት ነው።

በሮቹ ድንቅ ምልከታ ናቸው። ከጣራ ገዳም ቁልቁል ወደ ጣና የሚመለከት ሰው ፀሐይ በታኅሣሥ የምትጠልቅበትንና በሰኔ የምትጠልቅበትን ቦታ በምልክት ቢይዝ በመካከላቸው 48 ዲግሪ ያህል ያገኛል፤ ያንን ለስድስት መክፈል ጥሩ የቀን መቁጠሪያ ይሠራል። የቀኑ ርዝመት ግን ሌላ ነገር ነው። በሄኖክ ቁጥር ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በፎገራ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙ አይርቅም። ይህ የ2 ለ 1 ምጣኔ በጥንታዊት ባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች ላይም ይገኛል፤ ለባቢሎንም ቢሆን አይሠራም ነበር። የባቢሎን ሊቃውንት ኋላ 3 ለ 2 ብለው አስተካከሉት፤ የቀድሞው ቁጥር ግን በሌላ መንገድ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መገልበጡን ቀጠለ። ከቁጥሩ ጋር ተጉዞ የመጣው የተለካበት ሰማይ አልነበረም።

አሁን ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን ወደምታወጣበት ስሌት። ይህ ከሄኖክ የተለየ ነገር ነው፤ ወደፊት የሚናገር፣ ቀን ቆርጦ የሚናገር፣ ስለዚህም ሊፈተን የሚችል። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ እንዲህ ይወጣል። 5,500 እና 2,017 ሲደመሩ 7,517 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ መደቡ ነው። አንድ ሲቀነስለት 11፣ ወንበሩ። ወንበሩ በ11 ሲባዛና በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲቀነስ) አበቅቴው 1 ይሆናል፤ በ19 ሲባዛና በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 29 ቀን ይውላል፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33፤ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ሰኞ ገባ፤ ፋሲካ ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 12 ዋለ። አንድ የቆሎ ተማሪ ይህን በቃሉ ያወጣዋል።

ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ማባዣዎቹ 11ና 19 በትውፊቱ እንዲህ ይወጣሉ፦ የሌሊቱ 23 ሱባዔ በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ የቀኑ 7 ሱባዔ በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19። ሰማዩም ለእነዚህ ቁጥሮች የራሱ ማብራሪያ አለው። የፀሐይ ዓመት 365፣ የአሥራ ሁለት ጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና ልዩነቱ 11 ነው። በየ19 ዓመቱ ደግሞ 235 የጨረቃ ወራት ተሞልተው ፀሐይና ጨረቃ አብረው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ይህን ዑደት ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ በአቴና ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስተዋውቆታል።

ይመለሳሉ ሲባል ሙሉ በሙሉ አይደለም። 19 የባሕረ ሐሳብ ዓመታት 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ናቸው፤ 235ቱ የጨረቃ ወራት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያጥራሉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህ ልዩነት አይታይም። በ310 ዓመት ገደማ ግን አንድ ቀን ይሞላል።

ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ውጭ ይውጣ። አበቅቴ 1፣ የሚያዝያ ሕጸጽ (ለወሩ የሚደመረው ቁጥር) 4፣ ቀኑ 9 ሲደመሩ 14 ይሆናሉ፤ ስለዚህ በስሌቱ ጨረቃ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. 14ኛ ሌሊቷን ይዛለች። በሰማይ ላይ ግን ሙሉ ጨረቃ የሆነችው ሚያዝያ 5፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ነው። ሚያዝያ 9 ማታ ከጣራ ገዳም ጫካ በላይ ሳትወጣ ቆይታ፣ ከጎኗም ተሸርፋ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ስሌቱ 14ኛውን ሌሊት መጋቢት 28 ላይ ያደርገዋል፤ ሙሉ ጨረቃ የነበረችው መጋቢት 24 ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 20 እና ሚያዝያ 16። ሁልጊዜም አራት ቀን ግድም፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን። እንዲህ ያለ ልዩነት በግዴለሽነት የመጣ ስሕተት አይደለም፤ ግዴለሽ ሰው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ፈተና በፀሐይ ነው፣ ከጨረቃውም የጠራ ነው። በሊቃውንቱ አከፋፈል መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራል። ድንበሮቹ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸውንና ፀሐይ ዳር ደርሳ የምትመለስባቸውን ቀናት ይመስላሉ፤ ግን ዛሬ እነዚያ ቀናት መስከረም 12 ወይም 13፣ ታኅሣሥ 12፣ መጋቢት 11ና ሰኔ 14 ግድም ናቸው። ለመፈተን መጋቢትን መምረጥ ይሻላል። በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ለብዙ ቀናት የቆመ ይመስላል፤ በመጋቢት ግን የ1 ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ በየቀኑ 7 ሚሊሜትር ያጥራል። በዚያ ላይ ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበት ዕለት የጥላው ጫፍ ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ የሚሠራው መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ በሌላ ጊዜ ይጎብጣል። በየሰዓቱ ጠጠር የሚያስቀምጥ ክፍል ቀኑን በዓይኑ ያገኘዋል፤ መጋቢት 25 ወይም 26 አለመሆኑንም ያያል።

13 ወይም 14 ቀን ከየት መጣ? በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን ዓመቱ በአማካይ 365 ቀን ከሩብ ይሆናል። እውነተኛው የወቅቶች ዓመት ከዚህ በ11 ደቂቃ ያጥራል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን። 13 ጊዜ 128፣ 1,664 ነው፤ 14 ጊዜ 128፣ 1,792። ድንበሮቹ ከሰማዩ ጋር የገጠሙት ከ1,660 እስከ 1,790 ዓመት በፊት ነበር ማለት ነው። የ318ቱ ሊቃውንት የኒቅያ ጉባኤ ከተካሄደ 1,700 ዓመት ሆኖታል። በጠጠርና በዘንግ ብቻ የሠራ የወረታ ተማሪ ቀመሩ የተቆረጠበትን ዘመን አገኘው። በልዩነቱ ያፈረ ሰው ይህን ሰዓት ባላነበበው ነበር።

የጨረቃው ሰዓት ግን ይህን ያህል አይስማማም። 4 ጊዜ 310፣ 1,240 ብቻ ነው። ምክንያቱን መፈለግ ለክፍሉ መተው ይሻላል፤ ፍንጩ ይህ ነው፦ ጨረቃ ከጠፋችበት እስከምትሞላበት ከ14 ቀን በላይ፣ ለ15 ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ «14ኛ» እና «ሙሉ» አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በጠፋችበት ቀን ቢለካ ልዩነቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ቀን ነው፣ ይህም እስከ 1,860 ዓመት ይሰጣል። የኒቅያው 1,700 በሁለቱ መካከል ነው። ምን እንደተለካ በትክክል ሳይናገሩ መለካት እንዲህ ያለ የ600 ዓመት ክፍተት ይፈጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል፣ አለበለዚያ ተማሪውም ካህኑም ይጣላሉ። የፋሲካ ቀን ስምምነት ነው፤ ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያከብሩ የተወሰነ። ስምምነት በጨረቃ አይሻርም። የሮም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1582 ያንኑ ልዩነት አይታ አሥር ቀን ዘለለች፤ ያም ውሳኔ ነበር። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮሙን አቆጣጠር እዚሁ በጣና ዙሪያ ባለው ምድር ላይ ሊያጸና ሲሞክር ሕዝቡ የተቃወመው ሥነ ፈለክን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1632 ፋሲለደስ ሲነግሥ የቀድሞው ተመለሰ። ሳይንስ የሚጠይቀው ሌላውን ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ማታ ጨረቃ የት ናት?

ከመቶ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ በኳድራንት የቦታዎችን ኬክሮስ ሲለካ ቆየ፤ ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ደረሰ። የሂሳብ ታሪክ ምሁሩ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ቪየና ላይ ባሳተመው ጥናት ደግሞ የግእዝ የስሌት መጻሕፍትን መርምሮ፣ በእስክንድርያ ራሷ የጠፋው የ4ኛው መቶ ዘመን ስሌት በኢትዮጵያ እንደተጠበቀ አሳየ። ከብራና የደረሰበት ዘመን የወረታው ተማሪ ከጠጠሩ የሚደርስበት ነው። የስሌቱን ውስጥ ማየት ለሚሻ አማርኛ አንባቢ የጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» አለ።

ቀጣዩ ፈተና ቀኑ ተቆርጧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ ከቀትር በኋላ በከፊል ተሸፍና ትታያለች። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በጠፋችበት ዕለት ብቻ ነው። የ2019 መደብ 14፣ ወንበር 13፣ አበቅቴ 23 ነው፤ የሐምሌ ሕጸጽ 6 እና ቀኑ 26 ሲጨመሩ 55፣ ሠላሳው ሲገደፍ 25። በስሌቱ ጨረቃ በዚያ ዕለት የ25 ቀን አሮጊት ናት፣ ለመጥፋት አምስት ቀን ይቀራታል። ክፍሉ ይህን 25 ከግርዶሹ በፊት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ቀኑን መፈረም አለበት። ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ዕውር ስለሚያደርግ የግርዶሽ መነጽር አስቀድሞ ይፈለግ፤ ሐምሌ በመሆኑም የፎገራ ሰማይ በደመና ሊሸፈን ስለሚችል ሉክሶር ወይም ካይሮ ያለ ሰው ስልክ ቁጥር ቢያዝ ጥሩ ነው።